በናፊያ ቤት ስም የወጣ ማረሚያ

ገሊላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሕዝብ ግንኙነት ትምህርት ደረሳት ሲባል እናቷ ሥርጉት ሳቀች። «ይኼማ ምን ትምህርት ያሻዋል? እኔ ከሕዝብ ጋር ስገናኝ አይደል እንዴ የምውለው» አለች። ውሸቷን አይደለም። ሥርጉት ጎመን ልትገዛ ወጥታ የማን ልጅ እንደታጨች፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የትኛው ቤት ክርስትና እንደደረሰ ሰብስባ የምትመለስ ሴት ናት። አንዳንዴ የምትረሳው ጎመኑን ብቻ ነው።

ገሊላ ግን ትምህርቷን ከልቧ ወደደችው። ከሐረር በሚኒባስ እየተመላለሰች ተማረችው፤ «ታዳሚ»፣ «ቁልፍ መልእክት»፣ «የቀውስ ጊዜ ግንኙነት» የሚሉት ቃላት ካፏ አይጠፉም ነበር። እናቷ ደጅ ስለሚፈስ እጣቢ ከጎረቤት ጋር ስትነታረክ ከሰማች ብቅ ብላ፣ «እማዬ፣ ከመናገርሽ በፊት ታዳሚሽን እወቂ» ትላለች። «እሷን ብሎ ታዳሚ፤ ከነእናቷ ነው የማውቃት» ትላለች ሥርጉት። ክርክሩም እንደተለመደው ይቀጥላል።

በመጨረሻው ዓመት መምህር ኒቆዲሞስ የመመረቂያ ሥራ ሰጡ። መምህር ኒቆዲሞስ ከተማሪዎቻቸው ብዙም የማይበልጡ ወጣት ናቸው፤ ግን መምህር መምህር ነውና እኛም አንቱ እንላቸዋለን። ሥራው ሲሰሙት ቀላል ነበር። አንድ እውነተኛ ደንበኛ ፈልጉ፣ ሕዝብ እንዲያውቀው አድርጉ፣ የሆነውንም ጽፋችሁ አምጡ። የክፍሉ ልጆች ወደ ባንክና ወደ ሆቴል ሮጡ። ገሊላ ወደ እትዬ ናፊያ ሄደች።

ናፊያ የሥርጉት የልጅነት ጓደኛ ናት። አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ተምረዋል፤ አንዷ በፋሲካ ሌላዋ በዒድ ሳህን ሲላላኩ ኖረዋል። ሥርጉት አግብታ ወለደች፣ ናፊያ ሳታገባ ቀረች። ፈላጊ አጥታ ግን አልነበረም። ጠያቂ በመጣ ጊዜ አባቷ ታመው ተኝተው ነበርና «ቆዩኝ፣ አባቴ ይዳንልኝ» አለች። አባቷ ሳይድኑ አለፉ። ከዚያ የእናቷ የእማማ ሐሊማ ዓይን ደከመና «ቆዩኝ፣ እናቴን ማን ያያታል» አለች። ሰው ደግሞ እስከ መቼ ይቆያል፣ ጠያቂው ሁሉ እየሄደ ሌላ በር አንኳኳ። አሁን እናትና ልጅ ሁለት ብቻ ሆነው በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከሸዋ በር ትንሽ ገባ ብሎ ባለው በአባቷ ቤት ይኖራሉ።

ናፊያ ስፌት ትሰፋለች። የሰፋችውን ሙዳይ ያየ ሰው በእጁ ሳይዳብሰው አያልፍም። መሸጥ ግን አታውቅበትም። ገዢ ዋጋ ሲጠይቃት እሷ ታፍራለች፤ «እርስዎ ያሉት ይሁን» ትላለች። ገዢው ደግሞ ያለው እንዲሆን ሲፈቀድለት የሚለውን ታውቁታላችሁ። ስለ ራሷ መናገር አልፈጠረባትም፤ ሥርጉት ላይ የተፈጠረው ለሁለቱም የሚበቃ ስለሆነ በልጅነታቸው ችግር አልነበረም። ገሊላ እንግዲህ ለሕዝብ ላስተዋውቅ ብላ የተነሳችው ይችን ሴት ነው።

የሐረር ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። ከበሩ ፊት ለፊት እንደ ደረጃ ከፍ ከፍ እያለ የሚሄድ፣ ነደባ የሚሉት ሰፊ መቀመጫ አለ፤ ግድግዳው ላይ ስፌቱና ሳህኑ ቦታ ቦታውን ይዞ ተሰቅሏል። ገሊላ በልጅነቷ እዚያ ነደባ ላይ እንቅልፍ እየወሰዳት ያደገች ልጅ ናት። ቤቱን እንደ ራሷ ቤት ስለምታውቀው ስለ አንዱም ነገር ጠይቃ አታውቅም። ቤተኛ የሚሳሳተው እንዲህ ነው፤ እንግዳ ቢሆን ይጠይቅ ነበር።

ስልኳን ይዛ ወደ ኋላ ሄደች፣ ወደ ፊት መጣች፣ ነደባው ላይ ወጣች። ናፊያ ብርሃን ፍለጋ በሩ አጠገብ ተቀምጣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ትሰፋለች። ሁሉም አምሮ ሳለ ከበሩ በላይ ያለው አግዳሚ እንጨት ብቻ ባዶውን ነው። ፎቶ ያስተማሯት ሰው ባዶ ቦታ ዓይን ይሰርቃል ብለዋት ነበር። ዞር ስትል ጥግ ላይ የተጠቀለለ ቀይ ምንጣፍ አየች።

«እትዬ ናፊያ፣ ይኼን ምንጣፍ እዚያ ላይ ላድርገው? ለፎቶው ያምራል።»

ናፊያ ወስፌዋን አቆመች። ምንጣፉን አየች፣ እንጨቱን አየች፣ ገሊላን አየች። እማማ ሐሊማ ነደባው ላይ እንደተቀመጡ አሸልበው ነበር።

«ካማረሽ አድርጊው» አለች በመጨረሻ፤ ፊቷንም ወደ ስፌቷ መለሰች።

ገሊላ ወንበር ላይ ቆማ እንደተጠቀለለ ሰቀለችው። ፎቶውም በእውነት አማረ። ያን ቀን «የናፊያ ስፌት» የሚል ገጽ ከፈተችና በቴሌግራምም በፌስቡክም ለቀቀችው።

ፎቶው ከገሊላ ግምት በላይ ሄደ። ከጀጎል ወደ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም እስከ ጂዳ ድረስ ሰው ለሰው ተቀባበለው። መጀመሪያ «ማሻአላህ» የሚል ብቻ ነበር የሚጻፈው። ቆየት ብሎ የሚጻፈው መልኩን ለወጠ። አንዱ፣ «እዚያ ቤት ማን ደረሰች?» አለ። ሌላው ቀጠለና፣ «ሙሽራዋ እማማ ሐሊማ ይሆኑ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደርድሯል። «ዘግይቶም ቢሆን እንኳን ደረሰች» ያለም ነበር። ገሊላ ደጋግማ ብታነበውም አልገባትም። ምስር ትለቅም ለነበረችው እናቷ አነበበችላት።

ሥርጉት እጇን ከምስሩ አነሳች። «ምንጣፍ ሰቅለሻል?»

«አዎ፣ ከበሩ በላይ። እንጨቱ ባዶ ነበር።»

«ውይ ልጄ» አለች ሥርጉት፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እዚያ ላይ ምንጣፍ ጠቅልሎ የሚሰቅል ቤት ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለችን፣ ሽማግሌ ላኩ ማለቱ ነው። ለናፊያ አባቷ ሰቅለውላት ነበር። ኋላ እሷው ራሷ አወረደችው፤ እኔ ቁጭ ብዬ እያየኋት። ምንም አላለችም። አቧራውን አራገፈችና ጥግ አስቀመጠችው።»

የገሊላ ፊት በርበሬ የነካው መሰለ። ያቺ ዓይነ አፋር ሴት፣ በአርባ ስድስት ዓመቷ፣ በእሷ ጥፋት ባል ፈላጊ ተብላ ከዚህ እስከ ጂዳ ይሳቅባት? ገሊላ ናፊያን ትወዳታለች፤ ነገሩንም ያበላሸው ይኸው ፍቅሯ ነው። ሰው ለሚወደው ሲቸኩል ማሰቢያ ጊዜ አይተርፈውም።

መምህር ኒቆዲሞስ ያስተማሩት ሕግ ነበረ። ቀውስ ሲመጣ ፈጥነሽ ምላሽ ስጪ፣ እውነቱን ተናገሪ፣ ከሁሉ በፊት ግን ደንበኛሽን አማክሪ። ገሊላ ይኼን ፈተና ላይ ጽፋ ሙሉ ማርክ አግኝታበታለች። ያን ቀን ትዝ ያላት መፍጠኑና እውነቱ ብቻ ነው። እናቷ «ቆይ፣ መጀመሪያ ናፊያን ላናግራት» ስትላት እንኳ አልሰማቻትም። ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት ማለት ይኼ ነው። በሯን ዘግታ ጻፈች።

«ማረሚያ። በገጻችን በወጣው ፎቶ ላይ ከበሩ በላይ የሚታየው ምንጣፍ ለፎቶው ውበት ሲባል በስሕተት የተሰቀለ ነው። በዚህ ቤት ለጋብቻ የምትታሰብ ሴት የለችም። ለተፈጠረው መደናገር ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ሳቁ ቆመ። መምህር ኒቆዲሞስም አይተውት ኖሮ፣ «ባለሙያ እንዲህ ነው» ብለው ጻፉላት። ደንበኛዋን ማማከሯን እሳቸውም አልጠየቁም።

በማግስቱ ገሊላ ወደ ጀጎል ስትገባ አረማመዷ የባለውለታ ነበር። ጠባቦቹን መንገዶች ዘለል ዘለል እያለች አልፋ የናፊያን በር ገፋች። ምንጣፉ አሁንም እንደተሰቀለ ነው። ናፊያ ነደባው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ እጇ ላይ ምንም የለም። ገሊላ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ የዚችን ሴት እጅ ባዶውን አይታው አታውቅም።

«ሰው አንድ ነገር ሲል ነበር፤ እኔ ግን አስተካክዬዋለሁ» አለች ገሊላ፣ ገና ሳትቀመጥ።

«ሰምቻለሁ። ምን ብለሽ እንደጻፍሽ አንብቢልኝ።»

ናፊያ ማንበብ ትችላለች፤ ገሊላ ይኼንን አላሰበችም። ስልኳን አወጣችና በኩራት ጀመረች። «ለጋብቻ የምትታሰብ ሴት የለችም» የሚለው ጋ ስትደርስ ንባቧን አቆመች። ስትጽፈው ጨዋ ዓረፍተ ነገር ነበር። ከሴትዮዋ ፊት ሲነበብ ስድብ ሆነ።

እማማ ሐሊማ ነደባው ላይ ሆነው የሙስበሐቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ።

«ምንጣፉን ስትሰቅዪ እያየሁሽ ነበር» አለች ናፊያ። «በገዛ ቤቴ የምንጣፍ ቦታ የማላውቅ መስሎሽ ነው?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርሽ ነበር። አፌንም ከፍቼ ነበር።» ናፊያ ባዶ እጆቿን አየች። «ከዚያ በአንቺ አለማወቅ ተከለልኩ። ሰው ከሳቀ ልጅቷ ለፎቶ ሰቅላው ነው እላለሁ፣ ካልሳቀ ደግሞ ይታይ ብዬ ዝም አልኩ። እኔም እኮ ሰው ነኝ፣ ገሊ።»

ናፊያ አንዴ ጀምራለችና ቀጠለች፤ እንዲህ ብዙ ስትናገር ገሊላ ሰምታት አታውቅም። መኪና ግርግር ሰፈር ልብስ የሚሰፋው አብዱልፈታ አለ አይደል፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆቹን ሁሉ ድሮ የጨረሰው። ፎቶው በወጣ በሦስተኛው ቀን እህቱ ናዝራ መጣች። ሙዳይ ልትገዛ ነው የመጣችው፤ ሙዳዩን ግን አላየችውም። ስለ እማማ ሐሊማ ጤና ጠየቀች፣ ስለ ዝናቡ አወራች፣ ስትወጣ በሩ ላይ ቆመችና ጁምዓ ከሰላት በኋላ ሽማግሌዎች ቢመጡ ቅር ይላችኋል ወይ አለች።

«ምን አልሻት?»

«ምን እላለሁ? ምንም። ስትሄድ ግን ወላሂ ስፌቱ እጄ ላይ ጠፋብኝ፤ የጀመርኩበትን ረድፍ ሁለት ጊዜ ፈታሁት።» ፈገግ ልትል ሞከረች። «ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሰው ላከች። ማረሚያውን አይተነዋል፣ ተሳስተን ነው፣ አውፍ በሉን ብላ።»

ገሊላ ስልኳን ፈልጋ ያዘች። «አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። ሌላ እጽፋለሁ።»

ናፊያ እጇን ስልኩ ላይ አሳረፈች። «ምን ብለሽ? ይቅርታ፣ ለካ ፈላጊ ነበራት ብለሽ? ተይው። ከእንግዲህ ስለ እኔ አትጻፊ፤ ለእኔም አትናገሪልኝ። ሰምተሽኛል?»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ገሊላ ያን ቀን ቤቷ እስክትደርስ እንባዋን በሻርፕዋ ስትጠርግ ነበር፤ የባጃጁ ልጅ ሒሳብ መጠየቅ እስኪያፍር ድረስ።

ሥርጉት ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ የእናት ድርሻዋን ተወጣች። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለች። «ቆይ አላልኩሽም? ትምህርቱ ጆሮ ይደፍናል?» ገሊላ ማልቀሷን ስትቀጥል ደግሞ አልቻለችም፤ አጠገቧ ተቀመጠችና ራሷን ወደ ደረቷ ሳበችው። ጓደኛዋ ምን እንደቀረባት ከሁሉም በላይ የምታውቀው እሷ ናትና ሥርጉትም አለቀሰች። ሁለቱም ሲበቃቸው ሥርጉት አፍንጫዋን ጠርጋ እንዲህ አለች።

«ናፊያ ለእኔ አትናገሪልኝ ነው ያለችሽ። ስለ ራስሽ ጥፋት አትናገሪ አላለችሽም። አብዱልፈታ ሳይጠይቅ እንቢ የተባለ ሰው ነው፤ ያውም ባደባባይ። ይቅርታ ይገባዋል።»

«ምን ብዬ?»

«የሠራሽውን። ሌላ እንዳትጨምሪ ግን፤ አንቺ መጨመር ትወጃለሽ።»

መኪና ግርግር ማለት የስፌት መኪና ከዚህም ከዚያም የተደረደረበት መንገድ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ደጅ ላይ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ሲረግጡ ከጎንህ ያለውን ሰው ለማናገር መጮህ አለብህ። ገሊላ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደረሰች። ጋሽ አብዱልፈታ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው የሴት ቀሚስ ይሰፋሉ። ቀጭን፣ ጭምት ሰው ናቸው። እሷን ሲያዩ እግራቸውን ሳያቆሙ፣ «ሱሪ ነው ቀሚስ?» አሉ።

«የሚሰፋ አይደለም። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው።»

«አልሰማሁም፤ ጮክ በይ።»

ገሊላ ዓይኖቿን ጨፈነች። ዓይን ጨፍኖ መናገር የትም ክፍል አላስተማሯትም፤ ድፍረት ስታጣ ያገኘችው ዘዴ ነው። «ማረሚያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብላ ጮኸች። «እትዬ ናፊያ አልጻፈችውም። እንዲጻፍም አላለችም። እኔ ነኝ ሳልጠይቃት የጻፍኩት።»

የናፊያ ስም ሲጠራ የጎረቤቱ መኪና ቆመ። ከዚያ የቀጣዩ፣ ከዚያ የማዶው። ልብስ ሰፊ እግሩ ቢሠራም ጆሮው ሥራ አይፈታም። ገሊላ ይኼን ሁሉ አላየችም፤ ከመኪናው ድምፅ ጋር እንደምትፎካከር ሁሉ በሙሉ ጉሮሮዋ ቀጠለች። «ምንጣፉንም የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እርስዎ ያልጠየቁትን ነው የመለስኩት፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ዓይኗን ስትከፍት መንገዱ ጸጥ ብሏል። ከዚያ ጥግ እስከዚህ ጥግ ወንዱ ሁሉ ሜትር አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ያያታል። ቀሚስ ሊያስለኩ የቆሙ ሴቶችም ነበሩ፤ እነሱ ዓይናቸውን የተከሉት ጋሽ አብዱልፈታ ላይ ነው። የሰውየው ጆሮ ቀልቷል። የሚሰፉትን ቀሚስ አንስተው አዩት፣ መልሰው አስቀመጡት።

«ይቅር ብያለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ያልጠየቅሁት ጥያቄ ሲመለስልኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።» ድምፃቸውንም የበለጠ ዝቅ አደረጉ። «እሷስ? እሷ ምን ትላለች?»

ገሊላ አፏን ከፈተች። የምትለው ሞልቷታል። ስፌቱ እጇ ላይ እንደጠፋባት፣ ረድፉን እንደፈታችው፣ ባዶ እጆቿን እንዴት እንዳየቻቸው፤ አንዱን ብትናገር ይኼ ሰው አሁን ተነስቶ ይሮጣል። ጥርሷን ነክሳ ያዘችው። እንዲህ የከበዳት ነገር በአራት ዓመት ትምህርቷ አልነበረም።

«አላውቅም» አለች። «እኔ ለእሷ አልናገርም። ቤቷን ያውቁታል።»

ጋሽ አብዱልፈታ ከመነጽራቸው በላይ ለረጅም ጊዜ አይዋት። ከዚያ እግራቸውን መርገጫው ላይ መለሱ። ቀጥሎ የጎረቤታቸው መኪና ተነሳ፣ የማዶውም ቀጠለ። ገሊላ እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ ድረስ ወደ ኋላዋ ሳትዞር ሄደች።

ጁምዓ ከሰላት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ናዝራ ሐሙስ ማታ መልሳ ሰው ልካባት ኖሮ፣ ናፊያ ማለዳ ወደ ሥርጉት ደውላ፣ «ሰው ሊመጣ ነው፤ ኑልኝ» ብቻ ብላ ነበር። ማን እንደሚመጣ ሥርጉትም አልጠየቀች፤ ልብሷን ግን ሦስት ጊዜ ቀያየረች። ገሊላ ከነስልኳ መሄድ ፈርታ ስልኳን ቤት ጥላው ሄደች።

ከነደባው ከፍተኛ ቦታ ላይ የናፊያ አጎት ሐጂ ዐብዱልወሃብ ተቀምጠዋል። በአባቷ ቦታ ሆነው የሚድሯት እሳቸው ናቸው። ቃል የሚወዱ፣ ቃል ሲፈርስ ደግሞ የሚያማቸው ሽማግሌ ናቸው። ከእሳቸው ዝቅ ብለው የአብዱልፈታ ሽማግሌዎች፣ ከጎን እማማ ሐሊማ። ናፊያ ከሥርጉት ጋር በጎን ካለችው ትንሽ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች፤ በሩ ላይ መጋረጃ አለ። ገሊላ ሻይ ታቀርባለች።

ሰላምታው ተሰጠ፣ ዱዓው ተደረገ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ የመጡበትን በወጉ ተናገሩ። ሐጂ ዐብዱልወሃብ እስኪጨርሱ አዳምጠው ከኪሳቸው ስልክ አወጡ።

«መልካም ነው የመጣችሁት። እኔ ግን አንድ ነገር ከብዶኛል። በዚህ ቤት ስም የወጣ ቃል አለ፤ ለጋብቻ የምትታሰብ ሴት የለችም ይላል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ባደባባይ የለችም ብለን በጓዳ አለች ብንል ምን እንባላለን?»

«ልጅ ናት የጻፈችው ተብለናል፤ ሐጂ» አሉ አፈ ጉባኤው። «መኪና ግርግር በሙሉ ሰምቷል።»

«የቷ ልጅ?»

ሁሉም ወደ ገሊላ ዞሩ። ትሪው እጇ ላይ ነበር፤ የመጨረሻውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«አንቺ ነሽ?» አሉ ሐጂ። «የዚህ ቤት አፍ አንቺ ከሆንሽ እንግዲህ ተናገሪ። ናፊያ ትፈልጋለች ወይስ አትፈልግም?»

«እኔ የዚህ ቤት አፍ አይደለሁም» አለች ገሊላ። «ያን ጊዜም አልነበርኩም። ይቅር ይበሉኝ፣ እሷኑ ይጠይቋት።»

ሐጂ ዐብዱልወሃብ ጺማቸውን ዳበሱ። መልሱ አላስከፋቸውም። ወደ መጋረጃው ዞረው፣ «ናፊያ፣ ሰምተሻል» አሉ።

ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ የለም። ገሊላ ትሪውን ደረቷ ላይ ታቅፋ ቆመች። ሥርጉት እንኳ፣ አፏ የማያርፈው ሥርጉት፣ አልተነፈሰችም። ቆዩ። ያ ዝምታ በረዘመ ቁጥር አፈ ጉባኤው ፈገግታቸው እየሰፋ ሄደ።

«ይበቃል፤ ሐጂ» አሉ። «የልጃገረድ ፈቃዷ ዝምታዋ ነው። ሸሪዓውም ይቀበለዋል፤ ምን አስጨነቃት። ፋቲሓ ቀርተን እንጨርሰው።»

ሐጂም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽማግሌዎቹ መዳፋቸውን መዘርጋት ጀመሩ። ነገሩ አልቆ ነበር። ናፊያ ዝም እንዳለች ቢቀር ማንም አይወቅሳትም፤ የፈለገችው ሁሉ ይሆንላት ነበር።

መጋረጃው ተገለጠ። ናፊያ ወጥታ ከነደባው በታች ቆመች። የሻሽዋን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«አጎቴ፣ ዝምታዬን አትውሰዱት» አለች። «ዝም ብዬ ብዙ ኖሬያለሁ። ማረሚያው ስሕተት አለበት። በዚህ ቤት ሴት አለች፤ እኔ ነኝ። አብዱልፈታን እሺ ብያለሁ።»

ሽማግሌዎቹ የዘረጉት መዳፍ ባለበት ቀረ። ከመጋረጃው ጀርባ የሥርጉት ለቅሶ ተሰማ፤ ገሊላም እንባዋ አገጯ ላይ ሲወርድ ትሪውን ይዛ መጥረግ አልቻለችም። እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ናፊያ ግን አልጨረሰችም። «አንድ ነገር አለኝ። እናቴን ትቼ አልሄድም። እሱ ከነመኪናው ወደዚህ ቤት ይምጣ። ይኼ ካልሆነ ይቅር።»

ወንዶቹ ተያዩ። ሴት ወደ ባሏ ቤት ትሄዳለች እንጂ ባል ከነስፌት መኪናው ሲመጣ አልተሰማም። ሐጂ ዐብዱልወሃብ ሊናገሩ ሲሉ እማማ ሐሊማ እጃቸውን አነሱ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ፊታቸውን የልጃቸው ድምፅ ወደመጣበት አዙረዋል።

«ጮክ በይ ልጄ» አሉ። «ጥግ ያሉት አልሰሙም።»

ናፊያም ደገመችው።